ዕቃቃና የሕፃን ልቡና
ዓመት ተመንፈቅ ያለፈው ሕፃን ባዶ ቆርኪ አንሥቶ ቡና እንደ ተመላ ሲኒ ወደ እናቱ ሲዘረጋ አይቶ ነገሩን ከንቱ ቧልት ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው ቢኖር፣ በዚያች ቅጽበት በልጁ ልቡና የሚፈጸመውን ታላቅ ነገር አላስተዋለም፤ ልጁ ቆርኪው ቆርኪ መሆኑን ሳይዘነጋ፣ የማያየውን ሲኒ በሕሊናው ሥሎ፣ አንዱን ነገር ለሌላው ምሳሌ ማድረግ ጀምሯልና። ቃል ለነገር፣ ፊደልም ለድምፅ ምልክት የሚሆኑት በዚሁ ኃይል ነው።

የስዊዘርላንዱ ሊቅ ዣን ፒያዤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የማስመሰል ጨዋታ ከንግግር ጋራ የአንድ ችሎታ ፍሬ አድርጎ ቈጠረው፤ የሶቪየቱ ሌቭ ቪጎትስኪም በዚሁ አቆጣጠር በ1933 በሰጠው ትምህርት፣ በትር ፈረስ አድርጎ የሚጋልብ ልጅ ሐሳብን ከሚታየው ነገር መለየት እንደሚለማመድ አስረድቷል።

በሀገራችን ልጆች ዕቃቃ ሲጫወቱ፣ ታላላቆቹ ጭቃውን ሊጥ፣ ጠጠሩን ጉልቻ አድርገው፣ ታናሹን እንግዳ ብለው ሲያስቀምጡት፣ እርሱ ተራውን በመጠበቅ ትዕግሥትን፣ «ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ» ሲባል በመስማትም የንግግርን ወግ ይለማመዳል፤ እኔ ይህን ከብዙ ውድ መጫወቻ አስበልጠዋለሁ። ወላጆችም ጥቂት ጊዜ ከሥራቸው ቀንሰው፣ ልጁ በሰጣቸው ስፍራ ተቀምጠው፣ ጨዋታውን ሳይነጥቁ አብረውት እንዲጫወቱ እለምናለሁ።