«ይበቃል» የሚለው ማን ነው?

ሰው የደም ግፊቱ ወርዶ፣ እጅ እግሩ ቀዝቅዞ፣ አእምሮውም ተደናግሮ ሐኪም ቤት ሲገባ፣ ሐኪሞች «ሾክ» ይሉታል። ደሙ ለአካላቱ የሚበቃ ኦክሲጅን ማድረስ አቃተው ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚቀድመው እርዳታ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ነው፤ ሕዝቡ በጅምላ «ግሉኮስ» ቢለውም፣ አብዛኛውን ጊዜ የጨው ውሃ ነው።

ነገር ግን ማርም ሲበዛ ይመራል። ፈሳሹ ልኩን ያለፈ እንደ ሆነ ከደም ሥር እየሾለከ በሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል። በዩጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ በጽኑ ትኩሳት የታመሙ፣ የደም ዝውውራቸውም የተዳከመ 3,141 ሕፃናት የተጠኑበት ምርመራ በ2011 እ.ኤ.አ. ታትሞ ነበር። ፈሳሽ በብዛትና በፍጥነት ከተሰጣቸው በ48 ሰዓት ውስጥ የሞቱት ከመቶ 10.5 ያህል ሲሆኑ፣ እንዲህ ካልተሰጣቸው ግን 7.3 ነበሩ። ለሞቱ ዋናው ምክንያት የሳንባ ውሃ ባይሆንም፣ ፈሳሽ ልክ እንደሚያስፈልገው ጥናቱ አስተማረ።

ታዲያ ሐኪሙ ልኩን በምን ይወቅ? የድምፅ ሞገድ አየርን ዘልቆ ስለማያሳይ፣ አልትራሳውንድ ለሳንባ አይሆንም ይባል ነበር። በፓሪስ አጠገብ በአምብሯዝ ፓሬ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊው ሐኪም ዳንኤል ሊሽተንስታይን ግን ሳንባም በዚህ መሣሪያ ሊነበብ እንደሚችል አሳየ። አየር የሞላው ሳንባ በመስተዋቱ ላይ እንደ መሰላል እርከን የተጋደሙ መስመሮች ያሳያል። ውሃ ሲገባበት ግን እንደ ባትሪ ጨረር ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ብሩህ መስመሮች ይታያሉ። እነዚህም ብዙ ጊዜ ትንፋሽ ከማጠሩ በፊት ስለሚታዩ፣ ሐኪሙ ፈሳሹን በጥቂት በጥቂቱ እየሰጠ ሳንባውን ደጋግሞ ያያል፤ የተጋደሙት በቆሙት የተተኩ እንደ ሆነ ፈሳሹን አቁሞ ሌላ መድኃኒት ይፈልጋል።

ሆኖም መሣሪያው ብቻውን ፈራጅ አይደለም። የሳንባ ምችም የቆሙ መስመሮችን ያሳያል፤ ንጹሕ ሳንባም «ፈሳሽ ጨምሩ» ብሎ አያዝም። ስለዚህ የልብ አሠራር፣ የደም ግፊትና የሽንት መጠን አብረው ይመረመራሉ።

በዘመድዎ አልጋ አጠገብ ሳሉ ሐኪሙ ፈሳሹን ሲያቆም ያዩ እንደ ሆነ፣ «ግሉኮሱን ለምን ነፈገው?» ብለው አይቆጡ፤ ምክንያቱን ይጠይቁ። ማቆምም አንዳንድ ጊዜ ሕክምና ነው።