የገብስ ዛላ መልኩን ከወዴት አገኘ?

በመስከረም ወር ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በፋርጣ በኩል ወደ ጉና ተራራ የሚያቀና መንገደኛ ግራና ቀኙን የሚያየው ገብስ ነው። የደጋው ሰው እንጀራው፣ በሶው፣ ቆሎውና ጠላው ከዚሁ ስለሚወጣ ገብስን የእህል ንጉሥ ይለዋል።

ነገር ግን ዛላውን ቈርጠን ብናስተያይ የአገራችን ገብስ መልኩ አንድ አይደለም። አንዱ ፍሬውን በሁለት ረድፍ ይደረድራል፤ ሌላው ስድስት ረድፍ ይዞ ይወፍራል፤ ሦስተኛው ደግሞ በአንዱ አንጓ ሦስት፣ በሌላው አንድ እያፈራ ሥርዐት የለሽ ይሆናል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? በእያንዳንዱ የዛላ አንጓ ላይ ሦስት ሦስት አበቦች ይወጣሉ። መካከለኛው ብቻ ሲያፈራ ባለ ሁለት ረድፍ፣ ሦስቱም ሲያፈሩ ባለ ስድስት ረድፍ ይሆናል። ሊቃውንት ሁለቱን ዓይነት አዳቅለው የልጅ ልጆቻቸውን ቢቈጥሩ፣ ከአራት ሦስቱ እጅ ባለ ሁለት ረድፍ፣ አንዱ እጅ ባለ ስድስት ሆኖ ተገኘ። ይህ ድርሻ ነገሩ የአንድ ጂን ሥራ መሆኑን ያመለክታል። ከዚያም ከዛላው መልክ ጋራ ሳይለያይ የሚወረሰው የክሮሞሶም ምልክት የትኛው እንደ ሆነ እየተከታተሉ፣ መሬት እንደሚለካ ሰው ካርታ አነሡ። ጂኑ የተቀመጠው ከሰባቱ የገብስ ክሮሞሶሞች በሁለተኛው ላይ ነው። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. ጃፓናዊው ታካኦ ኮማትሱዳና ባልደረቦቹ ለይተው አወጡት። ተግባሩ የጎን አበቦችን ማፈን ሲሆን፣ ሲበላሽ ሦስቱም ያፈራሉ። ባለ ስድስቱ ገብስ ፍሬው የበዛው ኀይል ተጨምሮለት ሳይሆን ልጓሙ ስለ ተፈታ መሆኑ እኛን እጅግ አስገርሞናል። የጎን አበቦቹ ጨርሶ የመነመኑበት የኢትዮጵያ ገብስም አለ፤ በእርሱ ደግሞ ይኸው ልጓም በአንዲት ትንሽ ለውጥ ጠብቋል።

ይህን ሁሉ መልክ ለዘመናት ያቈየው የገበሬው ጎተራ ነው። ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 የኢትዮጵያን ደጋ ዞሮ ዘር የሰበሰበውም ስለዚሁ ነበር። በካሊፎርንያ ቅጠሉን ቢጫ አድርጎ ቁመቱን የሚያቀጭጭ በሽታ ገብሱን ባጠቃው ጊዜ፣ በሽታውን የሚቋቋመው ጂን የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው፤ መቀመጫውም ሦስተኛው ክሮሞሶም ነው።

ዛሬ በደቡብ ጎንደር ደጋ ብዙ የእህል ማሳ ባሕር ዛፍ ለብሷል። ገንዘብ ስለሚያስገኝ ገበሬውን አንወቅሰውም። በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዘር ማከማቻ ገብስን በብርድ ክፍል ያቈያል፤ በብርድ ክፍል የተቀመጠ ዘር ግን የጉናን ውርጭ አያገኘውም፤ ከዓመት ዓመት እየመረጠ የሚዘራውም እጅ የለውም።