ያውቁ ኖሯል? እልፍ ስንት ነው?

«እልፍ» ስንል የማይቆጠር ማለታችን ነው። ቃሉ ግን ልክ አለው፤ 10,000 ነው። ግእዝ ምልክትም አበጅቶለታል፦ ፼። ለሺህ እንኳ ራሱን የቻለ ምልክት የለም፤ ፲፻፣ አሥር መቶ ተብሎ ነው የሚጻፈው። ሁለት እልፍ ጎን ለጎን ሲቆሙ (፼፼) እልፍ ጊዜ እልፍ፣ 100 ሚሊዮን ይሆናሉ።

የዕብራይስጡ «ኤሌፍ» እና የዐረብኛው «አልፍ» የቃሉ ዘመዶች ናቸው። እነሱ ዘንድ 1,000 ብቻ ነው፤ እኛ ዘንድ አሥር እጥፍ ሆኗል።

«እልፍ ሲሉ እልፍ ይገኛል» በሚለው ተረት ውስጥ ያሉት ሁለቱ እልፎች ዝምድና የላቸውም። የፊተኛው የግእዙ «ኀለፈ» ልጅ ነው፤ አለፍ፣ ራመድ ማለት ነው። የኋለኛው ቁጥሩ ነው። በአማርኛ ኀ ድምፁን ስላጣ ሁለቱ ባዕዳን መንታ መሰሉ፤ ተረቱም ውበቱን ያገኘው ከዚሁ ነው። እንዲህ ያለ ዕድል ለቋንቋ ሁልጊዜ አይገጥመውም።

በመጽሐፍ ቅዱስ ንጉሥ ሳኦልን በዳዊት ያስቀናው ቁጥር ነው። ሴቶቹ በዘፈናቸው ለእሱ ሺህ፣ ለዳዊት እልፍ ሰጡ።

የእኛ ነገሥታት የሚመረቁት «ሺህ ዓመት ይንገሡ» ተብለው ነበር። ቻይናውያን ለንጉሣቸው የሚመኙት ግን 10,000 ዓመት፣ አንድ እልፍ ነበር።

በእንጅባራና በዳንግላ መካከል ያለችው የአዲስ ቅዳም ከተማ ስሟ ውስጥም ቁጥር አለ። ቅዳም ከግእዙ «ቀዳሚት» የመጣ ነው፤ የፊተኛዋ ሰንበት። ቀጥሎ ያለው እሑድ ደግሞ ከ«አሐዱ»፣ ከአንድ።

ገበያ የወጣ ሰው «ስፍር ቁጥር የለውም» የሚለው አነጋገር ከየት እንደመጣ በዓይኑ ያየዋል። እህሉ በቁና ይሰፈራል፤ እንቁላሉ ይቆጠራል። ከሁለቱም ያመለጠ ነገር ሲገኝ ነው ይህ የሚባለው። «እልቆ መሳፍርት»ም ያው ነው፤ «ኁልቍ» ቁጥር፣ «መስፈርት» ልክ። ሊቃውንቱ በግእዝ፣ ገበሬው በአማርኛ አንድ ነገር ብለዋል።

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የዓድዋን ጀግኖችና ፈረሶቻቸውን ለመዘከር በ1932 ዓ.ም. ተመሠረተ። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የማኅበሩን በዓል የሚያይ ሰው አባላቱ እልፍ ናቸው ቢል ያሳነሰ እንጂ ያጋነነ አይደለም፤ ከ50,000 በላይ ናቸው። አምስት እልፍ፦ ፭፼።