ላሟ የበላችው ፌስታል እንዴት ይወጣል?

በበዓል ቀን በግ ሲታረድ አጠገቡ ቆማችሁ ከሆነ ይህን ሳታዩ አልቀራችሁም። ቆዳው ተገፎ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ ጨጓራው ሊታጠብ ሲቀደድ ከሣሩ ጋር የተጠቀለለ ጥቁር ነገር ብቅ ይላል። ፌስታል ነው። አንዳንዴ አንድ፣ አንዳንዴ እፍኝ ሙሉ። "ውይ፣ ምስኪን" ተብሎ ወደ ጎን ይጣልና ሥራው ይቀጥላል። ከኛ ከገጹ አዘጋጆች መካከልም ይህን ያላየ የለም።

በጉ ታርዷል፣ የሱ ነገር እዚያ ላይ ያበቃል። ላም ግን ለዓመታት የምትኖር እንስሳ ናት። ዛሬ የዋጠችው ፌስታል ከሦስት ዓመት በኋላም እዚያው ሆዷ ውስጥ ነው። ታዲያ ሆዷ በፌስታል ሞልቶ መብላት ሲያቅታት ምን ይደረጋል? "ላም ኦፕራሲዮን ትደረጋለች እንዴ?" የምትሉ ካላችሁ፣ አዎ ትደረጋለች። ያውም ቆማ፣ ዓይኗ እያየ።

መጀመሪያ ግን ለምን ትበላዋለች? ብዙ ሰው "ርቧት ነው" ይላል። ረሃብ አንዱ ምክንያት ነው፣ ግን ብቻውን አይደለም። ፍየል በከንፈሯ እየመረጠች ቅጠል በቅጠል ትለቅማለች። ላም እንደዚያ አይደለችም፤ ሣሩን በምላሷ ጠቅልላ ትስብና ብዙም ሳታኝክ ትውጠዋለች። ማኘኩ በኋላ፣ አረፍ ስትል፣ እያመነዠከች የምትሠራው ሥራ ነው። ስለዚህ ከሣሩ ጋር የገባውን ሽቦም ሆነ ላስቲክ ለይታ የመትፋት ዕድሏ ትንሽ ነው። በዚያ ላይ እኛ የምንጥለው ፌስታል ባዶ አይደለም። የእንጀራ ትርፍራፊ፣ የሽሮ ቅሪት፣ የሙዝ ልጣጭ አለበት። ጨው ጨው ይላል፣ ይሸታል። አፉ ተቋጥሮ የተጣለውን ፈትታ ልትበላው አትችልም፣ ከነቋጠሮው ትውጠዋለች። የጫት ገራባም እንዲሁ ነው፤ ገራባው ለከብት ጥሩ መኖ ነው፣ ከነፌስታሉ ሲወረወርላት ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

ሆዷ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ለመረዳት የላምን ሆድ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። አራት ክፍል አለው። ትልቁ ጨጓራ ነው፤ የአንድ ትልቅ ላም ጨጓራ ከ100 ሊትር በላይ ይይዛል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አምስት ደርድራችሁ አስቡት። የግራ ጎኗን ከሞላ ጎደል የያዘው እሱ ነው። ከጨጓራው ፊት፣ ወደ ልብ ጠጋ ብላ፣ ውስጧ የማር እንጀራ የሚመስል ትንሽ ከረጢት አለች። ቀጥሎ ያ ታጥቦ አልጠራ የሚለው ሽንፍላ አለ። መጨረሻ ላይ ደግሞ እንደኛ ሆድ አሲድ የሚያመነጨው ክፍል ይመጣል።

ጨጓራው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ተህዋስያን አሉ። ሣሩን የሚያብላሉት እነሱ ናቸው። ፕላስቲክን ግን ምንም አያደርጉትም። ከጨጓራ ወደ ሽንፍላ የሚያልፈው ደግሞ ደቅቆ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሆነ ነገር ብቻ ነው። ፌስታሉ አይደቅም፣ አያልፍም፣ አይበሰብስም። ጨጓራው እያገላበጠ እያማሰለ ሲያሽከረክረው እርስ በርሱ ይገመዳል። ከፀጉርና ከገመድ ጋር ይጠላለፋል። በዓመታት ውስጥ እንደ ተጠቀለለ ብርድ ልብስ ጠንካራ ክምር ይሆናል።

ይህን የሚያሟሟ መድኃኒት የለም። በጠርሙስ የሚጋት ዘይትም፣ ቅጠልም፣ ሳሙናም አያወጣውም። እንዲያውም አንገቷን ወደ ላይ ይዞ በግድ መጋት ፈሳሹ ወደ ሳንባ እንዲገባ ሊያደርግ ይችላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ በሽታ ተጨመረ ማለት ነው።

ምልክቱ ድንገት የሚመጣ ስላልሆነ ያታልላል። ላሟ ትከሳለች፣ ሆዷ ግን ትልቅ ነው። ወተቷ ይቀንሳል። ትንሽ በልታ ትተዋለች። ማመንዠክ ታቆማለች ወይም ታሳንሳለች። ሆዷ ይነፋል፣ ይተወዋል፣ መልሶ ይነፋል። ባለቤቱ "ቡዳ በልቷት ነው" ሊል ይችላል። ሌላው ትል ነው ብሎ የትል መድኃኒት ይሰጣታል። ሦስተኛው መርፌ ያስወጋል። እንዲህ እንዲህ ሲባል ሳምንታት ያልፋሉ።

ቤታችሁ ወይም አያቶቻችሁ ጋ ላም ካለች አንድ ነገር ሞክሩ። በግራ ጎኗ፣ ከመጨረሻው ጎድን አጥንት ኋላ ያለውን ስርጉድ ቦታ በጭብጣችሁ ጫን አድርጋችሁ ያዙት። ጤነኛ ጨጓራ በደቂቃ አንዴ ወይም ሁለቴ እጃችሁን ወደ ውጭ ሲገፋው ይሰማችኋል። ደቂቃዎች አልፈው ምንም ካልገፋ ሐኪም የሚጠራበት ሰዓት ነው። ሐኪሞቹም ምርመራቸውን የሚጀምሩት በዚሁ ነው፤ ለዚህ ማሽን አያስፈልግም።

አሁን ወደ ኦፕራሲዮኑ እንግባ።

ላሟ አንድ ቀን ያህል መኖ ትከለከላለች። ከዚያ ክረሽ በሚባለው ጠባብ የእንጨት ወይም የብረት ማቆሚያ ውስጥ ትገባለች፤ ክረሽ ከሌለ ዛፍ ላይ ታስራ ሰው ይይዛታል። ለምን ሙሉ በሙሉ አትተኛም? ላም ራሷን ስታ ስትተኛ ማግሳት ታቆማለች። ጨጓራዋ ውስጥ የሚፈጠረው አየር መውጫ ያጣል፣ ሆዷ ይነፋል፣ ሳንባዋን ይጫነዋል። ከጨጓራ ወደ አፍ የተመለሰ ፈሳሽም ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ቆማ መሠራቷ ለሷም ለሐኪሙም ይሻላል።

የግራ ጎኗ ፀጉር ይላጫል፣ በሳሙና ይታጠባል፣ በአዮዲን ይጸዳል። ማደንዘዣው ሊዶኬይን ነው፤ እናንተ ጥርስ ስትነቀሉ የምትወጉት ዓይነት። ከላይ በወገብ አጥንቶቿ ጫፍ፣ ከፊት ደግሞ ከመጨረሻው ጎድን አጥንቷ ኋላ ተከታትሎ ይወጋል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሐኪሙ በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ ያደርጋታል። ካልተንቀሳቀሰች ሥራው ይጀመራል።

አንድ ስንዝር ገደማ ይቀደዳል። ቆዳው፣ ከሥሩ ሦስት ድርብ ጡንቻ፣ ከዚያም ሆድ ዕቃውን የሸፈነው ስስ ሽፋን። ጨጓራው ይታያል። በችኮላ የሚሠራ ሰው እዚህ ላይ ወዲያው ሊቀደው ይፈልግ ይሆናል። ደህና ሐኪም ግን መጀመሪያ ጨጓራውን ጎትቶ ከቆዳው ጠርዝ ጋር ዙሪያውን ይሰፋዋል ወይም ያያይዘዋል። ምክንያቱም ቅድም ያልናቸው ተህዋስያን ጨጓራ ውስጥ እስካሉ ድረስ ወዳጆች ናቸው፤ ከጨጓራ ውጭ ሆድ ዕቃ ላይ ከፈሰሱ ግን ላሟን በቀናት ውስጥ ሊገድሏት ይችላሉ። ከመላው ኦፕራሲዮን ይህችን ደረጃ የምንወዳት ለዚህ ነው። አታምርም፣ ቪዲዮ ላይም ማንም አያስተውላትም፤ ላሟ መትረፏ ግን በአብዛኛው የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ጨጓራው ይከፈታል። ሐኪሙ እስከ ትከሻው የሚደርስ ጓንት አድርጎ ክንዱን ሙሉ ያስገባል። ሽታው ከባድ ነው፣ እንደ ቀልድ የሚወራ አይደለም። ከዚያ መጎተት ነው። ፌስታል፣ የማዳበሪያ ክር፣ ገመድ፣ ጨርቅ፣ አንዳንዴ ሽቦ። ተገምዶ ስለሚመጣ አንዱን ሲጎትቱት ሌላው ይከተላል። በስተፊት ያለችው የማር እንጀራ መሳዩዋ ከረጢትም በጣት ትፈተሻለች፣ ሚስማር ካለ የሚያርፈው እዚያ ነውና።

ምን ያህል ሊወጣ ይችላል? እ.ኤ.አ. በ2021 ሕንድ፣ ፋሪዳባድ ውስጥ ከአንዲት እርጉዝ ላም ሆድ 71 ኪሎ ቆሻሻ መውጣቱ ተዘግቦ ነበር። አብዛኛው ፕላስቲክ ነው፤ ሚስማርና ሳንቲምም ነበረበት። የአንድ ጎልማሳ ሰው ክብደት ማለት ነው። ኦፕራሲዮኑ ሰዓታት ፈጅቶ ተጠናቀቀ፤ ላሟና ጥጃዋ ግን ሞቱ። ይህን የምንነግራችሁ ኦፕራሲዮኑ አይረባም ለማለት አይደለም። ላሟ አቅሟ ተሟጦ ከደረሰች እጅግ ጥሩ ሐኪምም ብዙ ማድረግ አይችልም።

ሲያልቅ ጨጓራው በሁለት ድርብ ይሰፋል፤ የስፌቱ ጠርዝ ወደ ውስጥ እየታጠፈ። ይታጠባል። ሐኪሙ ጓንቱንና መሣሪያዎቹን ይቀይራል፣ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ የሚነካው ንጹሕ ክፍል ነው። ጡንቻዎቹ ይሰፋሉ፣ በመጨረሻም ቆዳው። የቆዳው ስፌት ሁለት ሳምንት አካባቢ ሲሆነው ይፈታል። ደስ የሚል ነገር ደግሞ አለ፤ ከጤነኛ ላም የተወሰደ የጨጓራ ፈሳሽ ለታማሚዋ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ተህዋስያን ማዋስ በሉት። የተዳከመው ጨጓራ ሥራ እንዲጀምር ይረዳዋል።

አሁን ገንዘቡ። ላም ለብዙ ቤተሰብ የወር ገቢ ናት። ባለቤቷ "ላሳክማት ወይስ ለሥጋ ልሽጣት?" ብሎ ማሰቡ ጭካኔ አይደለም፣ ሒሳብ ነው። ሐኪሙም ራሱ "ትታረድ" ሊል ይችላል፣ በተለይ ያረጀች ወይም በጣም የከሳች ከሆነች። ችግሩ ያለው ውሳኔው የሚወሰንበት ጊዜ ላይ ነው። አንቲባዮቲክ የተወጋች ላም ሥጋዋም ወተቷም መድኃኒቱ ከሰውነቷ እስኪወጣ ድረስ ለሰው አይሆንም። ስንት ቀን እንደሆነ እንደ መድኃኒቱ ይለያያል፣ ብልቃጡ ላይ ይጻፋል። ታዲያ ሦስት ሳምንት መርፌ ስትወጋ ከርማ "አልዳነችም" ተብላ ለሥጋ የምትሸጥ ላም፣ በሽታዋን ባይሆን እንኳ መድኃኒቷን ወደ ሳህናችን ታመጣለች። ከመጀመሪያው መርፌ በፊት "በሽታው ምንድን ነው?" ብሎ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የት ይሠራል? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁ ቢሾፍቱ ነው። ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ሐረማያና መቀሌ ዩኒቨርሲቲዎችም ትምህርቱን ይሰጣሉ። ተማሪ የሚማረው ደግሞ ታማሚ እንስሳ ሲኖር ስለሆነ፣ ቅርባችሁ ያለ ኮሌጅ ካለ ደውሎ መጠየቅ አይከፋም።

ሚስማርና ሽቦ የሚውጡ ላሞች ጉዳይ ትንሽ ይለያል። ብረት ከባድ ስለሆነ በስተፊት ባለችው ትንሽ ከረጢት ውስጥ ይቀመጣል። ከረጢቷ በተኮማተረች ቁጥር ሚስማሩ ወደ ፊት ይገፋል። ከፊቷ ያለው ስስ የጡንቻ ግድግዳ ነው፣ ከግድግዳው ባሻገር ልብ። እንዲህ ያለች ላም ጀርባዋን ታጎብጣለች፣ ቁልቁለት መውረድ ትፈራለች፣ ስትንቀሳቀስ ታቃስታለች። ልቧ ከተወጋ በኋላ ኦፕራሲዮኑ ብዙም አያዋጣም። መከላከያው ግን የሚገርም ነው፤ ማግኔት። የጣት ያህል ለስላሳ ማግኔት እንድትውጥ ይደረጋል፣ ዕድሜ ልኳን እዚያው ከረጢት ውስጥ ይቀመጣል፣ የሚመጣውን ሚስማር ሁሉ ይዞ ያስቀራል። ለፌስታል ማግኔት የለውም።

ሕግስ? አለ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ውፍረት ያላቸውን የማይበሰብሱ ፌስታሎች ከልክሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሱቅ ሄዳችሁ ምን ተይዞላችሁ እንደመጣችሁ ታውቃላችሁ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ዛሬ ገበያ ላይ ፌስታል የሚባል ቢጠፋ እንኳ ቀድሞ የተጣለው ሜዳ ላይ አለ፣ ላሟ ሆድ ውስጥም አለ። እስከዚያው ትርፍራፊ የምትጥሉ ከሆነ ፌስታሉን አትቋጥሩት፤ ገራባውንም ከፌስታሉ አውጥታችሁ ስጡ።

አንድ ነገር ሳንረሳ። ሆዷ ቀስ በቀስ ሳይሆን በድንገት፣ በሰዓታት ውስጥ ተነፍቶ፣ የግራ ጎኗ ስርጉድ እንደ ከበሮ ከተወጠረና ምላሷን አውጥታ መተንፈስ ካቃታት፣ ነገ ጠዋት የሚባል ነገር የለም። ሐኪም በአፏ ቱቦ አስገብቶ አየሩን ያወጣዋል፤ ካልሆነ ትሮካር በሚባል ሹል መሣሪያ የግራ ጎኗን ወግቶ ያስተነፍሳታል። በቀኝ በኩል አይወጋም፣ እዚያ ያለው አንጀት ነው። በቢላ የሚሞክሩ ሰዎች አሉ፤ አየሩ ቢወጣም የጨጓራው ፈሳሽ ወደ ሆድ ዕቃዋ ስለሚፈስ ከቀናት በኋላ በሌላ ችግር ልትሞት ትችላለች። ሐኪሙ እስኪደርስ እንድትቆም አድርጉ፣ እንዳትተኛ፣ የፊት እግሯ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይሁን። ስትደውሉ ሦስት ነገር ንገሩት፤ መቼ እንደጀመራት፣ ምን እንደበላች፣ ምን መድኃኒት እንደተሰጣት።