ለሪሞት ሥራ የት ልሂድ? የእኔ መልስ ናይሮቢ ነው

«ሪሞት ሥራ አግኝቻለሁ፤ ዱባይ ይሻላል፣ ኪጋሊ ወይስ እናንተ ጋ ናይሮቢ?» የሚል መልእክት በውስጥ መስመር ይበዛብኛል። ለሁላችሁም አንድ ላይ ልመልስ።

በየቦታው የሚዞሩት የ«ምርጥ ከተሞች» ዝርዝሮች ሊዝበንንና ባሊን አናት ላይ ያስቀምጣሉ። የእኛን ፓስፖርት ለያዘ ሰው ግን አልተጻፉም። የፖርቱጋሉ ቪዛ ከአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ አራት እጥፍ ገቢ ይጠይቃል፤ ዱባይ በወር 3,500 ዶላር እንደምታገኙ ማስረጃ ትፈልጋለች። ኪጋሊ ለአፍሪካውያን ያለ ቪዛ ክፍት ናት፣ ሰላሟም ደስ ይላል፤ ለእኔ ግን ትንሽ ፈዘዝ ትልብኛለች።

ናይሮቢ ለመግባት ቪዛ አንጠየቅም። በረራው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ሰዓቱም ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው። (ስዋሂሊ ተናጋሪም እንደኛው ከጠዋት አንድ ብሎ ነው የሚቆጥረው፤ ቀጠሮ ስትይዙ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አረጋግጡ።) ኸርሊንግሃም አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤት አይጠፋም፤ ጤፍና በርበሬ ኢስሊ አለ።

ኢንተርኔቱ ጥሩ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የባሕር ውስጥ ኬብሎች ሞምባሳ ከደረሱ ወዲህ ፋይበር በየአፓርታማው ገብቷል። አይቋረጥም ማለት ግን አይደለም። በሰኔ 2016 ዓ.ም. በኬንያ የታክስ ተቃውሞ ጊዜ ተቆራርጦ ነበር። መብራትም ይጠፋል። ኪሊማኒ ወይም ዌስትላንድስ ቤት ስታዩ «ጄኔሬተር አለ?» ብላችሁ አትለፉ፤ ሁሉም «አለ» ይላችኋል። ሶኬቱን ጭምር ነው የሚያንቀሳቅሰው ወይስ ሊፍቱንና የደረጃውን መብራት ብቻ? ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። የመብራቱ ክፍያ በቅድሚያ ነው፤ በኤምፔሳ ትከፍላላችሁ፣ በኤስኤምኤስ የሚመጣውን 20 አኃዝ ቆጣሪው ላይ ትመታላችሁ።

ለፍሪላንሰር ትልቁ ልዩነት ገንዘቡ ነው። እዚህ በፔይፓል የተከፈላችሁን ወደ ኤምፔሳ ታወርዳላችሁ፤ ሲም ካርዱንም በፓስፖርት ታወጣላችሁ።

አሁን ብዙዎች የሚዘሉት ነገር፦ ያለ ቪዛ መግባት የመሥራት ፈቃድ አይደለም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ገቢያቸው ከውጭ ለሆነ የሪሞት ሠራተኞች «ክላስ ኤን» የተባለ ፈቃድ አስተዋውቃለች። የሥራና የገቢ ማስረጃ ይጠይቃል፤ መስፈርቱን ከኢሚግሬሽኑ ድረ ገጽ እንጂ ከደላላ አትስሙ። በዓመት ውስጥ 183 ቀን ከቆያችሁ ደግሞ በግብር ሕጉ እንደ ነዋሪ ትቆጠራላችሁ።

ስለዚህ ደመወዙ ቋሚና ወፍራም የሆነለት ዱባይን ያስብ፤ ገና ለሚጀምር ናይሮቢ ትሻላለች። ብቻ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ከውጭ አገር ሆናችሁ መሥራት እንደምትችሉ የሚገልጽ ደብዳቤ ከአሠሪያችሁ አስጽፉ።