ከዛገ ምላጭ ትርፍ የሚፈልጉ ሰዎች

በእንግሊዝና በጀርመን የአሮጌ ዕቃ ገበያዎች ላይ ከተሰበረ ሰዓትና ከዛገ ማንኪያ ጋር በካርቶን ተጠቅልሎ የሚቀርብ አንድ ዕቃ አለ፤ የአያቶች ታጣፊ ምላጭ። ሻጩ ብዙ ጊዜ የያዘውን አያውቅም። ትርፉ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ኪሣራውም እዚሁ ነው።

ምላጩ ለምን ከመሳቢያ ጥግ እንደተጣለ የታወቀ ነው። ኪንግ ጂሌት ስለቱ የሚጣል መላጫ ይዞ እ.ኤ.አ. በ1903 ገበያ ሲወጣ በመጀመሪያው ዓመት የሸጠው 51 መላጫና 168 ስለት ብቻ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግን የአሜሪካ ጦር ለወታደሮቹ በሚሊዮን የሚቆጠር ገዛለት። ወታደሩ ከጦርነት ሲመለስ የአባቱን ምላጭ ረሳው። ታጣፊው ምላጭ ፈጽሞ አልጠፋም፤ በጀርመን ዞሊንገንና በፈረንሳይ ቲዬር ዛሬም አዲስ ይመረታል። ዋጋው ግን ቀላል ስላልሆነ አሮጌውን ጠግኖ መሸጥ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል።

ገዢው መጀመሪያ የሚያየው ከስለቱ ሥር፣ ከእጀታው አጠገብ የተቀረጸውን ጽሑፍ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ የተሠራበትን አገር ስም እንዲይዝ አስገደደች፤ ሕጉ በተግባር የዋለው በ1891 ነው። ስለዚህ «ጀርመን» ወይም «እንግላንድ» የሚል ጽሑፍ ያለው ምላጭ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። በሼፊልድ ምላጮች ላይ የንግሥት ቪክቶሪያ ምልክት የሆኑት ሁለት ፊደላት ከተገኙ ደግሞ ዘመኑ ከ1837 እስከ 1901 መሆኑ ይገመታል። «ዞሊንገን» የሚለው ስም እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በጀርመን ሕግ የተጠበቀ ነው። ሕግ ግን አስመሳይን አያስቀርምና ስም ብቻ አይቶ ገንዘብ መቁጠር አይበጅም።

ከስሙ ይልቅ ዋጋውን የሚወስነው ብረቱ ነው። ዝገት አያስፈራም፤ ከላይ ብቻ ከሆነ በዘይትና በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል። የሚያስፈራው ስለቱ ጠርዝ ላይ ደርሶ የበላው ዝገት ነው። ከሁሉ የከፋው ስንጥቅ ነው። ሆዱ በጣም የተጎደጎደ ምላጭ ጠርዙ እንደ ወረቀት የሳሳ በመሆኑ ከጠርዙ ወደ ላይ የሄደች ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ሥራውን ሁሉ ከንቱ ታደርገዋለች። ለስንጥቅ መድኃኒት የለውም። ማጉሊያ መነጽር ሳይዝ የሚገዛ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ቼክ እንደሚፈርም ይቆጠራል።

የምላጩን ጀርባም ማየት ያስፈልጋል። ምላጭ ሲሳል ጀርባውም ስለቱም አብረው ድንጋዩ ላይ ያርፋሉ፤ የመሳያው ማዕዘን የሚጠበቀው በዚህ ነው። ጀርባው በብዙ መሳል ተበልቶ ሰፊ ጠፍጣፋ ከሆነ ወይም ስለቱ ወደ መሀል ከጎበጠ ዕድሜውን ጨርሷል ማለት ነው። ስፋቱ የሚለካው በኢንች ስምንተኛ ነው፤ 5/8 በብዛት የሚገኘው ሲሆን ከ7/8 በላይ የሆኑት የድሮ የሼፊልድ ሰፋፊ ምላጮች ተፈላጊ ናቸው።

ጥገናው ትዕግሥት ይጠይቃል። ሪቬቱ ተሞርዶ ይወጣል፣ እጀታው ይለያል፣ ብረቱ ደረጃ በደረጃ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተጋል። ከዚያ ከ1000 ቁጥር ድንጋይ ተነስቶ በ4000 እና በ8000 አልፎ እስከ 12000 ይሳላል፤ በመጨረሻም ቆዳ ላይ ይመለሳል። ችኩሉ ጠጋኝ ብረቱን በኤሌክትሪክ መሞረጃ ያስነካዋል። ስስ ብረት በቅጽበት ይግላል፤ ጠርዙ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው አልቋልና ቢሳልም ስለት አይዝም። የፋብሪካው ጽሑፍም አብሮ ይጠፋል። እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ግን ጽሑፍ አልባ ምላጭ ሰብሳቢ ፊት ሲቀርብ ዋጋው ይወርዳል። እኔ ብሆን ትንሽ ጥቁር ነጥብ የቀረበትንና ጽሑፉ የሚነበበውን እመርጣለሁ።

ሒሳቡን እንየው። እንበልና ምላጩ በ15 ዶላር ተገዝቶ በ80 ዶላር ተሸጠ። ትርፉ 65 ዶላር ይመስላል። ስድስት ሰዓት ከፈጀ ግን ለሰዓት 11 ዶላር እንኳ አይሞላም፤ የድንጋዩ፣ የብርጭቆ ወረቀቱና የፖስታው ወጪ ገና አልተነሳም። ከአምስት ምላጭ አንዱ የተሰነጠቀ ከወጣ ደግሞ የእሱ 15 ዶላር በአራቱ ላይ ይደፋል። ስለዚህ ገንዘብ የሚገኘው በመጠገን ሳይሆን በመግዛት ላይ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

እጀታው የራሱ ጣጣ አለው። ቀንድ በነፍሳት ይበላል። ሴሉሎይድ የሚባለው አሮጌ ፕላስቲክ ሲያረጅ አሲድነት ያለው ጋዝ እያወጣ የታቀፈውን ብረት ያዝገዋል፤ በአንድ ሣጥን ውስጥ የተቀመጡትንም ጎረቤቶቹን አይምርም። እንዲህ ዓይነቱን ለብቻው ማስቀመጥ ወይም እጀታውን መቀየር ነው፤ በቀላሉ በእሳት የሚያያዝ መሆኑም አይዘንጋ።

የዝሆን ጥርስ እጀታ ያለው ሲገኝ የሚደሰት ጀማሪ አለ። ዓለም አቀፉ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1989 የአፍሪካ ዝሆን ጥርስን ንግድ ከልክሏል። አሜሪካ በ2016 ደንቧን አጠበቀች፤ የእንግሊዝ የዝሆን ጥርስ ሕግም ከሰኔ 2022 ጀምሮ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ሽያጩን አግዷል። እንዲህ ያለውን ምላጭ ያለ ፈቃድ ከአገር አገር ይዞ የሚሻገር ሰው ጉምሩክ ላይ የሚያጣው ምላጩን ብቻ ላይሆን ይችላል።