አኮርዲዮንና አዲስ መሣሪያ፤ ስለ አቶ ኃይሉ መርጊያ የሙዚቃ ሥራ

በአገራችን ዘፈን የሚመዘነው በግጥሙ ነው። ሰሚው ሰምና ወርቁን ሲፈልግ፥ የመሣሪያው ድምፅ የቃል አሽከር ሆኖ ከኋላ ይከተላል፤ ማሲንቆ መቺ እንኳ ከጣቱ ይልቅ በአፉ ይመሰገናል። ስለዚህ አንድ ሰው ግጥሙን ወደ ጎን ትቶ፥ ዜማውን በይበልጥ ለመሣሪያ ሰጥቶ ለሕዝብ ጆሮ ቢያቀርብ፥ ሥራው ከልማድ የወጣ ድፍረት መስሎ መታየቱ አያስደንቅም። ይህነን ድፍረት ደጋግመው ካሳዩት ሰዎች አንዱ አቶ ኃይሉ መርጊያ ናቸው።

አቶ ኃይሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1946 ዓመተ ምሕረት በደብረ ብርሃን ተወለዱ፤ ከዚህ በታች የሚገኘውም ዓመት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው። በ10 ዓመታቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ በ14 ዓመታቸውም አኮርዲዮን መጫወትን ያለ መምህር ተማሩ። ኋላም ከዋልያስ ባንድ ጋራ በሂልተን ሆቴል ኦርጋን ሲጫወቱ ስማቸው ታወቀ። ባንዱ በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ አወጣ፤ በዚሁ ሸክላ ያለውን፥ አቶ ግርማ በየነ የደረሱትን «ሙዚቃዊ ስልት» ዛሬ የውጭ አገር ባንዶች ሳይቀሩ ይጫወቱታል። በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ተጉዞ ሳለ፥ በአገር ቤት የወታደር መንግሥት የሰፈነበት ዘመን ነበርና፥ ከአባሎቹ አንዳንዶቹ በዚያው ቀሩ። አቶ ኃይሉም ከቀሩት አንዱ ናቸው።

ከሥራቸው ሁሉ ይልቅ ልብ ብለን ልናደምጠው የሚገባን በ1985 በዋሽንግተን የተቀረጸው «ሸሞንሟናዬ» የተሰኘው ካሴት ነው። በዚህ ካሴት ባንድ የለም። አቶ ኃይሉ በልጅነታቸው የተማሩትን አኮርዲዮን መልሰው አነሡ፤ ከርሱም ጋራ ሙግ የተባለውን በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥር መሣሪያ፥ ሮድስ የተባለውን የኤሌክትሪክ ፒያኖ፥ በከበሮ መቺም ፈንታ ምቱን ሳይደክም የሚደጋግም መኪና አሰለፉ። አንዱን መሣሪያ ቀርጾ፥ ያንኑ እያዳመጡ ሁለተኛውን በላዩ መጨመር ነው፤ ነገሩ አንድ ደብተራ ቀኝ ጌታም ግራ ጌታም ሆኖ ለራሱ እንደ መመለስ ያለ ነው።

አኮርዲዮኑን መምረጣቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም። ይህ መሣሪያ የሚሰማው በወናፉ የሚገፋው አየር ቀጫጭን የብረት ምላሶችን ሲያንቀጠቅጥ ነው፤ ስለዚህ እንደ ሰው ጕሮሮ ይተነፍሳል፥ ድምፁንም ከጀመረ በኋላ ሊያሳድገውም ሊያሳንሰውም ይችላል። ፒያኖ ግን አንድ ጊዜ ከተመታ በኋላ ድምፁ እየከሰመ ከመሄድ በቀር ሌላ አይሆንለትም። የአምስት ድምፅ ቅኝታችን ቃሉ ከተወሰደበት በኋላ ባዶ እንዳይሆን የሚያስፈልገው እስትንፋስ ነውና፥ አኮርዲዮኑ የዘማሪውን ቦታ ያዘ። ያለ አድልዎ ለመናገር፥ የመኪናው ምት በአንዳንድ ስፍራ ደረቅ ነው፤ ሕያው ከበሮ መቺ ዜማው ሲዘገይ ይጠብቃል፥ መኪና ግን ማንንም አይጠብቅም። ነገር ግን በማይጠብቀው ምትና በሚተነፍሰው ዜማ መካከል ያለው ክርክር ነው ካሴቱን ጣዕም የሰጠው። በዚያ ላይ ጥሩ ከበሮ መቺ ቢገኝ ኖሮ ሥራው የተዋበ ይሆን ነበር፤ አዲስ መሆኑ ግን ያጠራጥራል።

ሙዚቃው እንጀራ አልሆነም። አቶ ኃይሉ ለብዙ ዓመት በዋሽንግተን አጠገብ በሚገኘው በደለስ አውሮፕላን ጣቢያ ታክሲ ሲነዱ ኖሩ። ከታክሲያቸው የዕቃ ሣጥን ውስጥ ኪቦርድ ይዘው፥ ተራቸው እስኪደርስ ድረስ ይለማመዱ ነበር።

የአፍሪካን ካሴቶች እየፈለገ የሚሰበስብ ብራያን ሺምኮቪትስ የተባለ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ አገኘው። ባለቤቱንም ፈልጎ በማግኘት፥ ከተቀረጸ 28 ዓመት በኋላ፥ በ2013 እንደ ገና አሳተመው። እንግዳው ሰው ያን ቀን በሌላ ሱቅ በር ገብቶ ቢሆን ኖሮ፥ ዛሬ ስለዚህ ነገር የሚጽፍ ባልተገኘም ነበር። ካሴት ማለት የብረት ዝገት ዱቄት በሙጫ የተለጠፈበት የፕላስቲክ ጥብጣብ ነው፤ ሙቀትና ርጥበት ሙጫውን ያላላዋል፥ ሻጋታ ይበላዋል፥ ማግኔት ቢቀርበው ድምፁ ይደመሰሳል። አባቶቻችን በብራና የጻፉት ብዙ መቶ ዓመት ሲኖር፥ ይህ ጥብጣብ የአንድ ሰው ዕድሜ እንኳ መቈየቱ ያጠራጥራል። ካሴትም የዘፋኝ ብቻ አይደለም፤ ያረፉ የዜማ መምህራን ድምፅ ጭምር በርሱ ተይዟል። የተቀረጸበትን ዓመትና የባለቤቱን ስም መመዝገብ፥ ጥብጣቡም ሳይበላሽ ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው፤ የሚሠራው ግን ጥብጣቡ ገና ሲናገር ነው።

አቶ ኃይሉ ካሴቱ ከታተመ በኋላ ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018 «ላላ በሉ»፥ በ2020 «የኔ ምርጫ» የተባሉትን አወጡ። በ«ላላ በሉ» በመኪናው ፈንታ ሕያው ከበሮ መቺና ባስ ተጫዋች አብረዋቸው አሉ፤ በመጨረሻው ዜማ ግን ሁለቱ ዝም ይላሉ፥ አቶ ኃይሉም በፒያኖ ብቻቸውን «የፍቅር እንጕርጕሮ»ን ይጫወታሉ።